የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ልቦለድዎ ወይም ፋንታሲዎ የትኛው ይሁን? ለጎንደር አንባቢ የተዘጋጀ ንጽጽር

«አንድ ጥሩ ሳይንሳዊ ልቦለድ ጠቁመኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው የጠቋሚውን ፍቅር ነው። ጠቋሚው ራሱ ያበደለትን መጽሐፍ ይነግረዋል። ጠያቂው ስሙን ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ሠላሳ ገጽ ያህል ይገፋና ይተወዋል። ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ዘርፉን በሙሉ ይዘጋዋል። ማራኪ ካሉ ተማሪዎችም፣ ፒያሳ ቡና ይዘው ከሚጫወቱ መምህራንም ይህንኑ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያለ ጊዜው፣ ላልተዘጋጀ ሰው ተሰጥቶ ነው። ስለዚህ እዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ብዬ አልጠይቅም። ማን፣ መቼ፣ በምን አቅም ቢያነበው ዳር ያደርሰዋል የሚለውን ነው የምመዝነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም በፊት የማየው መጽሐፉ ራሱን ችሎ ማለቁን ነው። ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልቦለድ፣ ክፍል በክፍል መውጣት ይወዳል፤ ሦስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ከአሥር በላይ። ክፍል አንድን አግኝቶ ክፍል ሁለትን ጎንደር ውስጥ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ለጀማሪ አንድ መጽሐፍ መጨረስ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ማለቅ ነው።

ቀጥሎ እንግሊዝኛው ይመጣል። አንዳንዱ ደራሲ የድሮ ሰው ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። አንዳንዱ ደግሞ ቃላቱን ራሱ ፈጥሯቸዋል። ይህኛው ጀማሪን ክፉኛ ያደናግራል። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው የራሱ የእንግሊዝኛ ድክመት ይመስለዋል። አይደለም፤ ለንደን ተወልዶ ያደገውም ቃሉን አያውቀውም። ሁለት ምዕራፍ ታግሦ ላለፈ ሰው ትርጉሙ ራሱ ይመጣል።

ሦስተኛው ዋጋና አገኛኘቱ ነው። ከውጭ የሚገባ አዲስ መጽሐፍ ውድ ነው። አሮጌው ይረክሳል፤ ግን የፈለጉትን ሳይሆን የተገኘውን ነው የሚገዙት። ስለዚህ ብዙ ሰው በስልክ ያነባል። በስልክ ለሚያነብ አንድ ምክር አለኝ፦ ከፒዲኤፍ ይልቅ ኢፐብ (EPUB) የሚባለውን የፋይል ዓይነት ፈልጉ። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ስለሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ላይ ግራ ቀኝ መጎተት ይጠይቃል። ኢፐብ ግን ፊደሉን ስታሳድጉት መስመሩን ከስክሪኑ ጋር አስተካክሎ ያመጣዋል። ሥዕል የሌለበት ልቦለድ ከሆነ ፋይሉም ትንሽ ነው፤ አንዴ ከወረደ ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። ብዙ ሰው «መጽሐፉ ከበደኝ» የሚለው ዓይኑን ያደከመው ፒዲኤፍ ሆኖ ሳለ ነው።

የመጨረሻው ይዘቱ ነው። ያለፉትን ዓመታት እዚህ አካባቢ ያሳለፈ ሰው ሁሉ ስለ ጦርነት ማንበብ አይፈልግም። ሌላው ደግሞ የሆዱን የሚናገርለት መጽሐፍ ይፈልጋል። አስማትም አለ። ልጁ የአስማት ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያነብ ያየ ወላጅ «ይሄ ጥንቆላ ነው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም፤ ምን ዓይነት አስማት እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

በአማርኛ ለመጀመር፦ «ዴርቶጋዳ»

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላን፣ ሳይንስንና የጣና ገዳማትን ምስጢር አንድ ላይ የሸመነ ልቦለድ ነው። የቋንቋ ችግር የለበትም። ቦታውም ከእኛ የራቀ አይደለም። ጣና ከጎንደር የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፤ ጎርጎራ ወርዶ ውኃውን ያየ ሰው ታሪኩ ዓይኑ ላይ ይሳልለታል። ልብ ይሰቅላል፣ ገጹም ቶሎ ይገላበጣል።

ሳይንሱን በጥብቅ ለሚመረምር አንባቢ ግን አንዳንድ ቦታ ዝላዩ ይበዛበታል። ለእኔ ይህ ከጥቅሙ አይበልጥም። «ሳይንሳዊ ልቦለድ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚል ወጣት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ቀጣዩ «ራማቶሓራ» ይባላል። ሁለቱንም በወረቀት ግዙ። የአማርኛ ደራሲን ሥራ በተቀዳ ፒዲኤፍ ማንበብ የሚቀጥለው መጽሐፍ እንዳይጻፍ ማድረግ ነው።

በነጻ የሚገኙት፦ ዌልስና ሼሊ

የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሽን» በ1895 ታተመ። የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» ከሚባለው ድረ ገጽ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይወርዳል። መቶ ገጽ ግድም ነው። አንድ ሰው በሠራው መሣሪያ ወደ 802,701 ዓ.ም. ይሄዳል። እዚያ የሰው ልጅ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ከመሬት በላይ በምቾት ይኖራል፣ ሌላው ከመሬት በታች በጨለማ። የሀብታምና የድኻ ልዩነት ዝም ቢባል የት ይደርሳል ብሎ የሚጨነቅ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛው የድሮ ነው፣ ግን አጭር ስለሆነ ያስኬዳል።

የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» በ1818 ወጣ። ይህም በነጻ ይገኛል። ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፣ አጀማመሩም አዝጋሚ ነው፤ በደብዳቤ ይከፈታል፣ በታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይገባል። ለማንም የመጀመሪያ አድርጌ አልሰጠውም፣ ከአንድ ወገን በቀር። ያም የሕክምና ተማሪ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጤና ኮሌጅነት የተነሣ ነው፤ ከተማው ዛሬም በነጭ ጋዋን የተሞላ ነው። መጽሐፉ የሚጠይቀው ጥያቄ ለእነሱ የቀረበ ነው። ሕይወት መፍጠር የቻለ ተማሪ የፈጠረውን ጥሎ ሲሸሽ ኃላፊነቱ የማን ነው?

የእኔ ተቀዳሚ ምርጫ፦ «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ»

ኡርሱላ ለጉዊን በ1968 ያወጣችው ይህ ልቦለድ ሁለት መቶ ገጽ አካባቢ ነው። ባሕር በከበባቸው ደሴቶች ላይ የሚኖር አንድ የፍየል እረኛ ልጅ ኃይል እንዳለው ይታወቃል። መጀመሪያ አክስቱ፣ ኋላም አንድ ዝምተኛ መምህር ያስተምሩታል። ከዚያ ወደ ትልቁ የአስማት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ከአንድ ተማሪ ጋር እልህ ይጋባና ትዕቢቱ የማይገባውን እንዲጠራ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የለቀቀውን ነገር ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው።

ይህን መጽሐፍ ጎንደር ያደገ ሰው ከብዙ የውጭ አንባቢ በላይ የሚረዳበት ምክንያት አለ። በኧርዝሲ ሰው ሁለት ስም አለው፤ ለሁሉም የሚነገር የመጠሪያ ስምና ለሚያምኑት ብቻ የሚገለጥ እውነተኛ ስም። እውነተኛውን ስም ያወቀ ሰው በባለቤቱ ላይ ሥልጣን አለው። እኛስ? የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር ተብሎ ያላደገ ማን አለ? ደብተራ በስሙ እንዳይደግምበት የሚፈራ ቤተሰብ ዛሬም ብዙ ነው። እረኛው ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውኃውን ሲያቋርጥ፣ መምህሩ ማዶ ቆሞ ይጠብቀውና እውነተኛ ስሙን በጆሮው ሹክ ይለዋል። ፈረንጅ ይህን እንደ ቆንጆ ፈጠራ ያነበዋል። እኛ አገር ግን የሚያስታውሰው ጥምቀትን ነው።

ደራሲዋ ልጁን ሆን ብላ ቡናማ አድርጋዋለች። የቅርብ ጓደኛው ጥቁር ነው። በዘመኑ ፋንታሲ ይህ ብርቅ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ነጭ እያደረጉ ሲስሉት እሷ በአደባባይ ተቃውማለች።

አስማቱን ለሚጠራጠር ወላጅ ደግሞ ልንገረው። እዚህ አስማት ጨዋታ አይደለም። እያንዳንዱ ድርጊት ዋጋ አለው፣ መምህሩም ከማድረግ ይልቅ መታቀብን ነው የሚያስተምረው። መጽሐፉ በሙሉ ስለ ትዕቢትና ስለ ንስሐ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ደካማ ጎኑን ልናገር፦ ንግግር ያንሰዋል፣ ትረካው እንደ ገድል ርጋታ ያበዛል። ጥድፊያ ለሚወድ ሰው ቀዝቃዛ ሊመስለው ይችላል።

ቶልኪን፦ ትንሹ ወይስ ትልቁ?

ጄ አር አር ቶልኪን ሁለት በር አለው። «ዘ ሆቢት» በ1937 ለልጆች የተጻፈ፣ ሦስት መቶ ገጽ ግድም የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚያልቅ ጉዞ ነው። ቤቱን የሚወድ ትንሽ ሰው ከአሥራ ሦስት ድንኮች ጋር ዘንዶ ወደሚጠብቀው ወርቅ ይሄዳል። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ የወጣ፣ ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነው። ፊልሙን ያየ ሁሉ በትልቁ መጀመር ይፈልጋል። አትጀምሩ። የመጀመሪያው ቅጽ ከቤት እስኪወጣ ብዙ ገጽ ይወስዳል፣ መሐል መሐል ረጅም ግጥም አለ፣ የሰውና የቦታ ስም ይዘንባል። ትንሹን ያነበበ ሰው ግን ትልቁን እንደ ዘመድ ቤት ነው የሚገባበት።

ክረምት የሚፈልገው፦ «ዱን»

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» በ1965 ታተመ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። አንድ መስፍን ቤተሰቡን ይዞ ውኃ ከሞላበት ፕላኔት ወደ በረሃ ፕላኔት ይዛወራል። በረሃው ውስጥ የሚገኘው ቅመም ከሌለ በከዋክብት መሐል መጓዝ አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም ይፈልገዋል።

አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። የበረሃው ሰዎች አለቃ ከመስፍኑ ጋር ሊነጋገር ይመጣል። ስብሰባው መሐል ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። የመስፍኑ ሰዎች ተሰደብን ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ባህሉን የሚያውቀው አንዱ ያስቆማቸዋል። ለውኃው ያመሰግነዋል፣ እሱም ይተፋል። በዚያ ፕላኔት ሰው ከገላው የሚያወጣው እርጥበት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሰልፎ በሚጠብቅበት ከተማ ይህን ገጽ ማንበብ ሌላ ነው። የውኃ እጥረት ሕግን፣ ባህልን፣ ክብርን ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ይህን ያህል አስቦ የጻፈ ሰው አላውቅም።

ታሪክም ይነካናል። የበረሃው ሕዝብ አዳኙን «ማህዲ» ብሎ ይጠብቃል። በ1888 ጎንደርን ያቃጠሉት ደርቡሾች የተነሡት በማህዲ ስም ነበር። መሪ ሆኖ የተጠበቀ ሰው ተከታዮቹ ሲነዱ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እዚህ ከተማ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ለምን የመጀመሪያ አላደርገውም? የመጀመሪያው መቶ ገጽ ስለሚፈትን። ደራሲው ምንም ሳያስረዳ መሐል ላይ ይጥላችኋል። መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ፤ እየተመላለሱ እሱን ማየት ግን ንባቡን ይገድለዋል። የተሻለው መንገድ በ2021 እና በ2024 የወጡትን ሁለት ፊልሞች መጀመሪያ ማየት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይህን መጽሐፍ ስለሚሸፍኑ ስሞቹ ፊት ይኖራቸዋል። በንባብ ብቻ መደሰት የሚወድ ሰው ፊልም ማየት ምስጢሩን ያጠፋል ሊል ይችላል። «ዱን» ግን ምስጢሩን ራሱ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚያስደስተው አካሄዱ ነው።

ሦስት አጫጭር አማራጮች

የኦክታቪያ በትለር «ኪንድረድ» በ1979 ወጣ። በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት በ26ኛ ልደቷ ቀን በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ነጭ ልጅ ታድናለች። ልጁ የባሪያ ጌታ ልጅ ነው፤ የእሷም ቅድመ አያት። እንግሊዝኛው ቀላልና የዛሬ ነው፣ አንድ ቅጽ ነው፣ የተፈጠረ ቃል የለበትም። በንባብ ቀላልነት ብቻ ብመዝን አንደኛ የማወጣው ይህን ነበር። ይዘቱ ግን ያማል፤ ግርፋቱ አይሸፈንም።

የንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» በ2015 የወጣ፣ መቶ ገጽ የማይሞላ ታሪክ ነው። በናሚቢያ ከሚኖረው የሂምባ ሕዝብ የመጣችን የሒሳብ ጎበዝ በሌላ ፕላኔት ያለ ዩኒቨርሲቲ ይጠራታል። ለቤተሰቧ ሳትናገር ትወጣለች። ገላዋን የሚሸፍነው ቀይ አፈርና ዘይት የጠፈር መርከቡ ላይ ያሉትን ያስገርማል። ከገጠር መጥታ ዶርም የገባች፣ ፀጉሯን ቅቤ ስለተቀባች የታየች ልጅ አጀማመሩን በራሷ ታውቀዋለች። የዚያችው ደራሲ «ሁ ፊርስ ዴዝ» የ2010 ሥራ ሲሆን የሚፈጸመው በሩቅ ዘመን ሱዳን ነው፣ ከመተማ ማዶ ማለት ነው። ኃይለኛ መጽሐፍ ነው። ግን መደፈርና የዘር ጭፍጨፋ አለበት። ሳይጠይቁ ለማንም አይሰጥም።

የቻይናዊው ሊዩ ሲሺን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» በእንግሊዝኛ በ2014 ወጣ። የእንግሊዝኛው ቅጂ የሚከፈተው በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ነው፤ አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር በሕዝብ ፊት በወጣቶች ተደብድቦ ሲሞት ልጁ ታያለች። ቀይ ሽብርን ያየ ትውልድ ይህን ገጽ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ ፊዚክስ ይበዛል። ሦስት ክፍል አለው። ፊዚክስና ሒሳብ ለሚወድ እንጂ ለሌላው አላቀርበውም።

በአንድ እይታ

| መጽሐፍ | ርዝመት | ራሱን ችሎ ያልቃል? | ቋንቋው | ይዘቱ | አገኛኘት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዴርቶጋዳ | መካከለኛ | ቀጣይ አለው | አማርኛ | ስለላ፣ ምስጢር | በወረቀት |
| ዘ ታይም ማሽን | በጣም አጭር | አዎ | የድሮ እንግሊዝኛ | ቀለል ያለ | በነጻ |
| ፍራንከንስታይን | መካከለኛ | አዎ | የድሮ፣ ከበድ ያለ | ጨለማ፣ ሞት | በነጻ |
| ኧርዝሲ | አጭር | አዎ፣ ቀጣይም አለው | ጥርት ያለ | ለታዳጊም ይሆናል | ይገዛል |
| ዘ ሆቢት | መካከለኛ | አዎ | ቀላል | ለልጅም ይሆናል | አሮጌው ይገኛል |
| ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ | በጣም ረጅም | ሦስቱም ቅጽ ያስፈልጋል | ስም የበዛበት | ጦርነት | ውድ |
| ዱን | ረጅም | አዎ፣ ቀጣይም አለው | የተፈጠረ ቃል የበዛበት | ጦርነት፣ ፖለቲካ | ይገዛል |
| ኪንድረድ | መካከለኛ | አዎ | በጣም ቀላል | ባርነት፣ ግርፋት | ይገዛል |
| ቢንቲ | በጣም አጭር | አዎ፣ ቀጣይም አለው | ቀላል | ጥቂት ግድያ | በኢፐብ ይቀላል |
| ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም | ረጅም | ቀጣይ አለው | ሳይንስ የበዛበት | አብዮት | ይገዛል |

ለማን የትኛው?

ኪስ ባዶ ከሆነ «ዘ ታይም ማሽን»ን ዛሬ ማታ አውርዱ። ዋይፋይ ካለበት ቦታ አንዴ ካወረዳችሁ መብራት ቢጠፋም ስልኩ እስካለ ድረስ ይነበባል። ትንሽ ብር ያለው ሰው «ዴርቶጋዳ»ን ይግዛ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ደግሞ «ዘ ሆቢት»ን ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ አደራ ማለት ቢችል፣ «ኧርዝሲ» ይሁን።

ፈተና ያለበት ተማሪ ከመቶ ገጽ በላይ አይነካ፤ «ቢንቲ» በሁለት ማታ ያልቃል። «ዱን»ን ለክረምት አቆዩት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል። እንግሊዝኛውን ማሻሻል የሚፈልግ አዋቂ «ኪንድረድ»ን ያንብብ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ዘ ሆቢት»፤ ለአሥራ አራት ዓመቱ «ኧርዝሲ»፣ ቢቻል ከወላጁ ጋር።

«ምናባዊ ነገር ለእኛ ባዕድ ነው» የሚል አዛውንት ካጋጠማችሁ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ አጫውቱት። እሱ ልቦለድ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ግን ሰማይን የሚያስጎበኝ፣ የፀሐይና የጨረቃን በር የሚቆጥር መጽሐፍ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ነው አውሮፓ የተመለሰው። ይህን የሰማ አዛውንት ከዋክብት መሐል ለሚጓዝ ታሪክ ፊቱን አያዞርም።

ለሌላ ሰው ስትጠቁሙ

ከመጠቆማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በቅርብ የወደደው ፊልም ወይም መጽሐፍ ምንድን ነው? በወረቀት ነው በስልክ የሚያነበው? ማንበብ የማይፈልገው ነገር አለ? ሦስተኛውን ሰው በራሱ አይናገረውም፣ ካልተጠየቀ።

ስታወሩለት የታሪኩን መጨረሻ ተዉለት። ይልቅ የት ላይ እንደሚከብድና እስከ የት ቢታገሥ እንደሚቀልለት ንገሩት። «ዱን መቶ ገጽ ድረስ ያስቸግርሃል» የተባለ ሰው ሰማንያኛው ገጽ ላይ አይሸሽም፣ ሃያ ገጽ እንደቀረው ያውቃልና። «በጣም አሪፍ ነው» ብቻ የተባለው ግን ሲከብደው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

አራት አምስት ሆናችሁ አብራችሁ ልታነቡ ካሰባችሁ በ«ቢንቲ» ጀምሩ፤ አጭር ስለሆነ የሚቀር ሰው አይኖርም። ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለፈጣኑ አንባቢ ስጡት። ቀስ ብሎ የሚያነበው ተራው ሲደርስ የሚያጣድፈው ሰው ስለማይኖር ያለ ጭንቀት ይጨርሳል፣ መገናኛውንም ቀን እሱ ይቁረጥ።